ጓድ ፍሥሐ ያልበሉት እንቁላል

እኔ ነጅመዲን የስፖርት መምህር ነኝ እንጂ የምግብ ነገር ምኑም አይገባኝም። በዚያ ዓመት ግን ከቀበሌ «ሕፃናት ስፖርትና የተመጣጠነ ምግብ ጎን ለጎን ይማሩ» የሚል ደብዳቤ መጣና፣ ከየካ ሚካኤል በታች ባለችው ትምህርት ቤታችን ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። ሆዱ ባዶ የሆነን ልጅ አዘልለውና ስለ ወተት አስተምረዋለሁ። ወይ ጉድ!

ሰኞ ጠዋት ሜዳ ላይ «አንድ! ሁለት!» ስል ከይሪያ ድፍት አለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ውሃ ረጭቼ «ቁርስ ምን በላሽ?» ብላት፣ «ትናንት በልቻለሁ ጋሼ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፍሥሐ ሊጎበኙን መጡ። ርዕሰ መምህራችን ጓድ ወልደ ሐዋርያት ከቤታቸው አንድ ቅቅል እንቁላል አምጥተዋል። ፕሮግራሙ «የክብር እንግዳው እንቁላሉን በልተው ለሕፃናቱ አርአያ ይሆናሉ፤ ጭብጨባ» ይላል። እኔ ያቺን እንቁላል እንዴት አድርጌ ለከይሪያ እንደማደርስ ብቻ ነበር የማስበው።

ጓድ ፍሥሐ ጾምን «ኋላ ቀር ልማድ» እያሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወገዙ። ተጨበጨበ። ከዚያ እንቁላሉ ሲቀርብላቸው ላብ በላብ ሆኑ። ለካ ሁዳዴ ነው! ባለፈው እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጋቢ ተከናንበው በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

«አመራር ከሰፊው ሕዝብ ቀድሞ አይበላም» አሉና ለርዕሰ መምህሩ አቀበሉ። ጓድ ወልደ ሐዋርያትም «ኧረ ጓድ፣ ቅድሚያ ለሴቶች!» ብለው አሻገሩት። የሴቶች ማኅበሯ ጓድ በለጡ «ለወጣቱ!» አሉ። የወጣቶች ማኅበሩ ተወካይ «ጥርሴን ያመኛል» አለ። ያ ሁሉ አብዮተኛ እንደ ፍም ሲቀባበለው ቆይቶ እኔ እጅ ላይ ደረሰ። ከነሱ መሀል ሁዳዴ የማይመለከተኝ ሙስሊሙ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ብላ እንጂ ነጅመዲን!» አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

«ትናንት የወደቀችው ልጅ ትብላው» አልኩና ከይሪያን ጠራኋት። ላጠችው፣ በሁለት ጉርሻ ጨረሰችው፣ ጣቷን ላሰች። ጓድ ፍሥሐ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። እኔማ ምን ልዋሽ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ረቡዕ ጠዋት አሰለፍኳቸው። ገና «አንድ!» ከማለቴ አርባ ሁለት ልጅ ባንድ ጊዜ ዘጭ አለ። የሚካኤሉ ቄስ ልጅ ሳይቀር! ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቷል። ከይሪያ ብቻ መሀላቸው ቆማ ታየኛለች።

«እናንተ አስመሳዮች! እንቁላል የለም! ተነሡ!» ብዬ ጮኽኩ።

እየሣቁ፣ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። ሦስቱ ግን አልተነሡም።