በምን ይውጡታል?

የኤረሩ ጤና መኮንን ተክለማርያም ጅግጅጋ ድረስ ለሥልጠና ሲጠራ፣ «አሥር ዓመት ሙሉ ያዘዝኩትን መድኃኒት ዛሬ ሊያስተምሩኝ!» ብሎ ተነጫነጨ።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኟ ኢልሀም፣ «ወተት ሲፕሮ የተባለውን ክኒን ጉልበት ይሰብራል፤ ታካሚዎች አብረው እንዳይወስዱ ንገሯቸው» ስትል እስክሪብቶው ቆመ። ሀሊሞ ትዝ አሉት። አሮጊቷ የሽንት ሕመማቸው አልድን ብሎ ሦስት ጊዜ ተመልሰው መጥተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ክኒን አዞላቸው፣ «ሳይውጡት እየጣሉት ነው!» ብሎ በሰው ፊት ተቆጥቷቸዋል።

እንደተመለሰ ቤታቸው ሄደ።

«እማማ፣ ያንን ክኒን በምን ነበር የሚውጡት?»

«በግመል ወተት ነዋ። ከምግብ ጋር ያልከኝ አንተ አይደለህ? እኛ ቤት ምግብ ወተት ነው።»

ተክለማርያም አንገቱን ደፋ።

«ሦስት ጊዜ ተቆጣኸኝ» አሉት ሀሊሞ፤ «ስትጠይቀኝ ግን ገና ዛሬ ነው።»