የቀረችው ባትሪ

ናዚፋ ላፕቶፑ ላይ የተሰኩትን የቻይና ሞባይሎች እየነቀለች ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። ቡሬ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የቪዲዮ ቤቷን ላፕቶፕ ጄኔሬተር አድርጎት ነበር። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንላትም፣ ምን ይደረግ። አሁን ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል።

አቻምየለሽ በሩ ላይ ቆማለች። ባለፈው እሑድ ናዚፋ ሠርጓን የቀረጸችላት ልጅ ዛሬ ጥቁር ለብሳለች። አባቷ አቶ ዳኘው ምንም ሳያማቸው፣ ትናንት ማታ ራት በልተው እንደተኙ ቀሩ። ድንጋጤው እንባዋን እንኳ ከልክሏታል።

"አባባ እኮ እሑድ እስክስታ ሲወርዱ ነበር" አለች። "ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ የላቸውም። ያለን ያንቺ ቪዲዮ ብቻ ነው።"

"ማተሚያው ያለ መብራት አይሠራም፣ እህቴ። የጎረቤቱም ጄኔሬተር ተበላሽቷል።"

"እንግዲያው ላፕቶፑን ስጪኝ። እሱን ይዤ አለቅሳለሁ።"

ናዚፋ ክው አለች። የምትበላው ከዚች ዕቃ ነው፤ ሰው በሚላቀስበት መሀል ብትወድቅስ? ግን የልጅቷን ፊት እያየች እንዴት እምቢ ትበል። ስክሪኑን አደበዘዘች። ወንድሟ ሙዓዝ ከባሕር ዳር በስልክ ያሳያትን የማስተካከያ ገጽ ከፈተችና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ወደ ታች አወረደችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ማሽኑ ሲፈጥን ኃይል ይበላል። ፍጥነቱን ስቀንሰው ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል፣ ባትሪዋ ትንሽ ትቆያለች። ይንቀራፈፋል እንጂ ምስሉን ይዞ ይቆማል።"

ቪዲዮው እየተጎተተ ተከፈተ። አቶ ዳኘው ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ናዚፋ አቆመችው።

"ምርቃቱን ላሰማሽ? ግን ከዚያ በኋላ ባትሪዋ አትቆይም።"

አቻምየለሽ የአባቷን እጅ በስክሪኑ ላይ ዳሰሰች።

"እናቴ ይችን ምርቃት አልሰሟትም" አለች ቀስ ብላ። "ጓዳ ወጥ ሲያወጡ ነበር። ትናንት ጠዋት የተዋስነውን ድስት ሊመልሱ ሽንዲ ከተማ ሄደው እዚያው አደሩ። አባባን ትንሽ አሟቸዋል ብለን ነው የላክንባቸው፤ በመኪና እየመጡ ነው።"

ናዚፋ ጣቷን ከማጫወቻው ቁልፍ ላይ አነሳች።

"አጥፊው" አለች አቻምየለሽ። "እኔ አንዴ ሰምቼዋለሁ። ለቅሶውንም ያለ ፎቶ እናለቅሳለን። እናቴ ሲደርሱ ይከፈታል።"

ናዚፋ አጠፋችው። አቻምየለሽ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ እስክትይዝ ጠበቀቻትና፣ ሱቋን ቆልፋ አብራት ወደ መናኸሪያው ወረደች።