ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠችው ሴትዮ

ብቻዬን ነኝ ብላለች፣ አዎ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አሁን ምን ታደርገዋለች፣ ወጥ ቤቱን ማየት ነው፣ ደህና ወጥ ቤት ነው፣ ቧንቧው ውሃ አለው፣ አከራይዋ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ ባል የለሽም? የለኝም፣ ልጅስ? የለኝም እትዬ፣ እናት አባት? እዚህ ላይ ነው ደላላው ጉሮሮውን የጠረገው፣ እሷም፣ ይህን ያህል ዕድሜ የጠገበች ልብስ ሰፊ፣ የሰው ገላ ለክታ የማትሳሳት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ብቻዬን ነኝ።

እናቷ እዚያ ናት። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ።

ደላላው፣ ሰፈሩ አፈ ቅቤ የሚለው፣ ጠዋት ሁለቱንም መክሯቸዋል፣ እህት ዓለም፣ ቤት ከፈለግሽ ዘመድ ቀንሺ፣ ሴትዮዋ አሮጊት አታስገባም፣ ያለፈው ተከራይ አባቱ እዚሁ አርፈው ደረጃው በለቀስተኛ ሲሞላ አይታለች፣ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ስታይ የሚታያት ሬሳ ነው፣ አንቺ ግቢ እንጂ እማማን ሲመሽ ቀስ አድርገሽ ታስገቢያቸዋለሽ። እንደ ቁም ሳጥን። ከዚያስ፣ ሳሏን ምን ልታደርገው ነው፣ በትራስ ልታፍነው ነው? እናቷ ግን ሳቀች፣ እሱማ ምን ችግር አለው፣ ስትወለጂም ይቺ የኔ አይደለችም ብያለሁ፣ ድንች ነበር የምትመስዪው፣ ሂጂ፣ እስክትወርጂ ብትጠሪኝም ቀና አልልም።

ቀና አልልም። እየሳቀች ነው ያለችው።

ያሉበት ቤት ተሸጧል፣ በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ፣ ያየችው ቤት ሁሉ ወይ ሰማይ ጥግ ነው ወይ ጣሪያው ያፈሳል፣ ይሄ ግን አንደኛ ፎቅ፣ የእናቷ ጉልበት የሚችለው ደረጃ፣ ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት፣ አልጋዋ እዚህ ይሆናል፣ ራስጌው በዚህ በኩል፣ ተይ፣ ብቻሽን ነሽ፣ ለአንድ ሰው ለኪ። መታጠቢያ ቤቱ ጋ እግሯ ይቆማል። ደፉ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፣ እናቷ ግራ እግሯን ይህን ያህል አታነሳም፣ እትዬ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ማስመታት ይቻላል?

ምላሷን ትነክሳለች።

ለምንሽ ነው፣ አንቺ ቀጥ ያልሽ ሴት አይደለሽ እንዴ። ወገቤን ያመኛል፣ አጎንብሼ ስለምውል። ሌላ ውሸት፣ ውሸት እንደተተረተረ ስፌት ነው፣ በዚህ ሲይዙት በዚያ ይለቃል።

አከራይዋ የመኝታ ቤቱን መስኮት ትከፍታለች፣ አየሩን እይው፣ ደግሞ እያት ያችን፣ በቁልፉ ትጠቁማለች፣ ቅድም ስመጣም ተጎልታ ነበር፣ ለማኝ ትሆናለች፣ ዘበኛው ያስነሳት፣ ይሄ እኮ የጨዋ ሰፈር ነው።

ለማኝ። ያ ካፖርት የእሷ ስፌት ነው። የእናቷ ግራ ትከሻ ዘመም ስለሚል ግራውን እጅጌ በጣት ውፍረት አሳጥራ ቆርጣዋለች፣ ቁሙ አንድ ሆኖ እንዲታይ፣ ለማንም ደንበኛ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም፣ ለማኝ፣ አዎ በይ፣ ዝም በይ፣ ቁልፉን ተቀበዪ፣ ፀሐዩን፣ ደረጃውን።

አያስነሳት፣ ትላለች።

ምን አልሽ?

እናቴ ናት። ደላላው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይጥረግ፣ እስኪላጥ ይጥረግ፣ እናቴ ናት እትዬ፣ ትስላለች፣ ሬዲዮ አጩሃ ነው የምትሰማው፣ ልትሞትም ትችላለች፣ እርስዎም እኔም እንሞታለን፣ ሞት ከአከራይ ፈቃድ ጠይቆ አይገባም፣ ሲመሽ በጓሮ አላስገባትም፣ በቀን፣ በፊት ለፊቱ በር ነው የምትገባው፣ ካልሆነ ቁልፍዎን ይያዙት።

ዋሽተሽኛል።

ዋሽቻለሁ፣ ለእሱ ይውቀሱኝ፣ ለእሷ ግን አንገቴን አልደፋም።

እህት ዓለም፣ ይላል አፈ ቅቤ፣ ቤቱን በላሽው። ልብላው። ቁልፉ መሽከርከሩን ትቷል፣ አከራይዋ አትሰጥም፣ ኪሷም አትከትም፣ ወደ መንገዱ ታያለች፣ እስቲ ጥሪያት።

እማዬ።

ካፖርቱ ንቅንቅ አይልም። እማዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ ነይ ውጪ። አሮጊቷ ራሷን ደፍታ የካፖርቷን ቁልፍ ታገላብጣለች፣ ዛሬ የተገዛ ይመስል፣ አላወቀችሽም እኮ፣ ይላል ከኋላዋ የአከራይዋ ድምፅ፣ ታውቀኛለች፣ ከድንችነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች፣ እኔ ነኝ አላውቅሽም ማለትን ያስተማርኳት፣ አሁን እንዴት ይረሳላት፣ ወርዳ እጇን መያዝ ትችላለች፣ አትወርድም፣ ከዚህ ነው የካደቻት፣ ከዚህ ነው የምትጠራት፣ ደረቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ እማዬ፣ ባለ ጋሪው ቆሟል፣ ዘበኛው ቀና ብሏል፣ ፎቅ ለፎቅ መጋረጃ ይገለጣል፣ መንገዱ ሁሉ ወደ ላይ ያያል ከአንድ ሰው በቀር፣ ይይ፣ ይስማ ሰፈሩ፣ እናቴ ነሽ፣ እናቴ፣ ቀና በይ፣