የሽማግሌው ባይ ማሳ

«ወይኔ አባቴ! ወይኔ መከታዬ!» እያለች በድምፅ ማጉያ የምትጮኸው ሴት ሟቹን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ከከተማ ቀጥሮ ያመጣት የሟቹ ልጅ ቼንግዩ ነው። እሱ ራሱ ነጩ የሐዘን ልብሱ እንዳያድፍ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ የአስከሬኑ ሳጥን ሥር ተንበርክኮ ስልኩን ይነካካል። ታላቅ እህቱ ሩንዢ ለለቀስተኛው ሾርባ እየቀዳች በጎን አየችው።

«እንባም በቅጥር ሆነ!» አለች በሆዷ።

«ወንድምሽ ከቤት ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው?» አሏት ጎረቤታቸው አክስት ሚያዎ፣ ጆሮዋ ሥር።

«ዘጠኝ። ሽቶውን ግን ዛሬም አልረሳም።»

ቼንግዩ ከቤት የወጣው፣ አባታቸው ሽማግሌው ባይ በቆሎውን ትቶ እንቡጡ የሚበላ ቢጫ አበባ በተከለ በሁለተኛው ዓመት ነው። ይህ አበባ ሦስት ዓመት ካልሞላው ለገበያ የሚሆን እንቡጥ አይሰጥም፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ቅጠሉ ደርቆ ማሳው የሞተ ይመስላል። መንደሩ ሳቀ። ልጁም «አባዬ፣ አንተ እኮ ጭቃ ነው የምትቀልበው» ብሎ ሻንጣውን አነሳ። ሽማግሌው በአራተኛው ዓመት እንቡጡን ሳይፈነዳ ለቅሞ፣ በእንፋሎት አብስሎና አድርቆ ላከለት። ልጁ «ደረሰኝ» እንኳ አላለም።

መቃብር የሚቆፍረው ማሽን ሲያጓራ ቼንግዩ ብድግ ብሎ ወጣ።

«በማሳው አቋርጥ! ደረቅ መሬት ነው!» አለው ሾፌሩን።

ሩንዢ ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ ማሽኑ ፊት ተገተረች።

«እትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። እዚህ ገለባ እንጂ ምን አለ?»

«ገለባ? ና እስቲ ጌታው፣ ጎንበስ ማለት ካልከበደህ!»

ገለባውን ገለጥ አደረገችው። ጣት የማይሞሉ ለጋ ቡቃያዎች አፈሩን ሰንጥቀው ወጥተዋል።

«ሰኞ ውርጭ ይወርዳል ሲባል አባዬ አንድ በአንድ ሊሸፍናቸው ወጣ። ሲቆይብኝ ብመጣ እዚሁ ተደፍቷል። እጁ ገለባው ውስጥ ነበር።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «በዙሪያው እሄዳለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«የቱ… የቱ ጋ ነበር?» አለ ቼንግዩ።

ሩንዢ ቁልቁል አየች። በሚያብረቀርቅ ጫማው አንዱን ቡቃያ ረግጦ ቆሟል። ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ እግሩን በሁለት እጇ አነሳችና በቡቃያዎቹ መሐል ያለው መተላለፊያ ላይ አኖረችለት። ቁርጭምጭሚቱን ግን አልለቀቀችውም።