ግማሹን ትቶ የሚነሳ ሰው

የውሃውን ቱቦ እንደጨበጠ ሚስቱ ስትስቅ አያት። አውቶቡሱ ገና በጋራዡ ግቢ በር እየገባ ነበር። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ሾፌሩ ታናሽ ወንድሙ ነው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው አየር ላይ የሆነ ነገር እየሳለ ያወራታል።

«መሪ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው» አለ ለራሱ። ውሃው ጫማው ውስጥ መግባቱን ያወቀው እግሩ ሲበርደው ነው።

ያንን አውቶቡስ ለዓመታት የነዳው እሱ ነበር። ወንድሙን መንዳት ያስተማረውም እሱ ነው። አምና ጠጥቶ የገዛ መኪናውን ሲነዳ ከአንድ ሱቅ ጋር ተላተመና የባለሱቁን እግር ሰበረ። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በገደብ አደረገለት፤ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ መሪ እንዳይጨብጥ፣ በየሳምንቱ የተመደበችለት የክትትል ሠራተኛ ፊት ቀርቦ አልኮል በምትለካ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ እንዲተነፍስ። መሣሪያዋ አንድ ቀን ከጮኸች ወህኒ ይወርዳል። የአውቶቡስ ድርጅቱ ጨክኖ አላባረረውም፤ መኪና አጣቢ አደረገው። አውቶቡሱን ለወንድሙ ሰጠ። ሚስቱ እዚያው መስመር ላይ ባለ ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች፣ ማታ ማታ የምትመለሰው በዚሁ አውቶቡስ ነው።

ወንድሙ ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ! ሰምተሃል አይደል? አዲሱን አውቶቡስ ለእኔ ሰጡኝ። ልጆቹ ካንቲን ውስጥ ትንሽ ነገር አዘጋጅተዋል፤ ና እንጂ!»

«ይቺን አጥቤ ልጨርስ።»

«ተዋት፣ ነገ ትታጠባለች።»

«ለአንተ ነገ ይሆናል። ለእኔ ሥራዬ ነው።»

ወንድሙ ፈገግታው ሳይጠፋ ጭንቅላቱን አከከ። ሚስቱ ጠጋ አለች።

«ባትገባ አይሻልም?» አለችው ቀስ ብላ። «መጠጥ አይጠፋም።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

«ለአንተ ነዋ፤ ለማን ይሆናል?»

አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሳቅ አሁን ፊቷ ላይ የለም። መውረጃው ደረጃ ላይ ጥላው የወረደች ይመስላል። ያ ነው አንጀቱን ያቃጠለው። ቱቦውን ዘጋና ተከተላቸው።

ፍርድ ቤቱ አንድ ሌላ ነገርም አዞበታል፤ መጠጥ ካቆሙ ሰዎች ማኅበር ጋር እንዲሰበሰብ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። በለቅሶም በሠርግም ከለስላሳ በቀር ስለማይቀምሱ ሁሉም «አባባ ሶዳ» ይሏቸዋል። አባባ ሶዳ ረጅም ምክር አይሆንላቸውም፤ አጫጭር አባባል ያድላሉ። «ዛሬን ብቻ።» «የመጀመሪያዋን አትንካ፣ አሥረኛዋ አትነካህም።» «ስሜት እንግዳ ነው፤ ወንበር ስጠው፣ አልጋ ግን አታንጥፍለት።» መጀመሪያ ሲሰማቸው፣ ይሄማ ሚኒባስ ኋላ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ነው ብሎ በሆዱ ስቆ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ገባው። ዳገት ላይ ለቆመ መኪና ጎማው ሥር የምትደረገው ድንጋይ ትንሽ ናት፤ ያን ሁሉ ብረት የምትይዘው ግን እሷ ናት።

ካንቲኑ በጫጫታ ተሞልቷል። ገና ሳይቀመጥ የጋራዡ ኃላፊ «ለጋሼ ለስላሳ!» ብሎ ጮኸ፤ የሁሉም ዓይን ወደሱ ዞረ። እንቁላል በሽንኩርት ያለበት ዳቦ አመጡለት። አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። ሚስቱ በእሱና በወንድሙ መካከል ተቀምጣለች።

ወንድሙ ቢራውን ቀዳ፤ ግማሽ ያህሉን ጠጣ፤ ከዚያ አንድ ሰው ሲጠራው ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ወዲያና ወዲህ እየተሳሳቀ ቆየ። ተመልሶ ሲቀመጥ ብርጭቆውን ዞር ብሎም አላየው።

እሱ ግን ከብርጭቆው ሌላ ነገር አላየም። ወንድሙ ቢራውን ጠልቶት አይደለም። ጥሎትም አይደለም። ረስቶት ነው! እሱ ራሱ በዕድሜው ብዙ ነገር ረስቷል፤ የልደት ቀን፣ የቤት ቁልፍ፣ አንዴም ራሱ የሚኖርበትን ሰፈር። ብርጭቆ ግን ረስቶ አያውቅም። አውቶቡሱን ይውሰድ፣ ተሳፋሪው ይውደደው፣ አዲስ መኪና ይሰጠው። ይህን ግን ከየት አገኘው? አንድ ማህፀን አይደለም እንዴ ያወጣቸው?

ወንድሙ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላት። እሷም «ሂድ ወዲያ!» ብላ ትከሻውን መታ አድርጋ ሳቀች።

እጁ ወንድሙ በተወው ብርጭቆ ላይ አረፈ። ቢራው ሞቅ ብሏል። የመጀመሪያዋን አትንካ፣ አለ በሆዱ። ይቺ እኮ የመጀመሪያ አይደለችም፣ የሰው ግማሽ ናት፣ ብሎ ለራሱ መለሰ። መልሱ ራሱን አስደነገጠው። ስሜት እንግዳ ነው፤ ወንበር ስጠው። ብድግ አለና ወንበሩን ለእንግዳው ለቆለት ወጣ።

በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ማስቲካ አፉ ውስጥ ከተተና ደወለ።

«አባባ፣ ልጠጣ ነው።»

«ጠጥተሃል ወይስ ልትጠጣ ነው?»

«ልጠጣ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ምን ተገኘ?»

«ወንድሜ ግማሹን ትቶ ተነሳ።»

አባባ ሶዳ ሳቅ ብለው ተነፈሱ። «እሱማ እኔንም ያስቀናኛል፣ ልጄ። ሀብታም አያስቀናኝም፤ ጎረምሳ አያስቀናኝም። ግማሹን ትቶ የሚነሳ ሰው ሳይ ግን እስካሁን ሆዴን ይበላኛል። እኔና አንተ አልታደልነውም፣ በቃ። ሌላስ?»

«ሚስቴ... ከሱ ጋር ስትሆን ትስቃለች።»

«ጠየቅሃት?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ያስቅሻል ብለህ ነዋ! ጥርጣሬ ተከድኖ ሲቀመጥ ይፈላል። የፈላ ነገር ደግሞ ለእኛ አይሆነንም።»

ስልኩን እንደዘጋ ሚስቱ ወጣች። አጠገቡ ቆመችና መጀመሪያ እጆቹን፣ ቀጥሎ ዓይኖቹን አየች።

«ምን ያስቅሻል?» አላት።

«እ?»

«ከሱ ጋር። ሁልጊዜ ምንድን ነው የሚያስቅሽ?»

ተቆጥታ ትገባለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ነጠላ ጫማ ያጠለቀ እግሯን አየች።

«ስለ አንተ ነው የሚያወራኝ» አለች። «መንዳት ስታስተምረው የአክስታችሁን የዶሮ ቤት ደርምሶ፣ ‹እኔ ነኝ› ብለህ ጥፋቱን የወሰድክለትን። አክስትህ በመጥረጊያ ሰፈሩን ሁሉ ያዞረችህን።»

«ታዲያ እኔ ሳወራሽ ለምን አትስቂም?»

«አንተ ስታወራኝ አልሰማህም። አሸትትሃለሁ።»

ማስቲካ ማኘኩን አቆመ።

«አፍህን ስትከፍት አፍንጫዬ ነው የሚቀድመው። ጠጥቷል? አልጠጣም? ያን ጨርሼ ወደ ነገሩ ስመጣ፣ ነገሩ አልፏል። ማታ ከተኛህም በኋላ ጎንበስ ብዬ አሸትትሃለሁ። ከወንድምህ ጋር ግን አፍንጫዬ ያርፋል። ይኸው ነው።»

«አልጠጣሁም እኮ።»

«አላውቅም። ማስቲካ ታኝካለህ።»

«ልማድ ነው።»

«ያኔም ማስቲካ ነበር» አለች።

‹ፖሊስ ነሽ እንዴ?› የሚል ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ባሰበት። ወንድሙ አፉን ይከፍታል፣ እሷ ትሰማዋለች። ይኸው ነው። ከአውቶቡሱም ከቢራውም ይልቅ ይሄኛው ከነከነው።

ከውስጥ «ጋሼ! እታለም! የት ገባችሁ?» የሚል የወንድሙ ድምፅ መጣ። እሷ ወደ በሩ ዞረች።

«ቆይ» አላት።

ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ በወረቀቱ ጠቀለለው። ኪሱ ውስጥ የቀረውን ፓኮም አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። ከዚያ በክትትል ሠራተኛዋ ፊት እንደሚያደርገው ሳይሆን፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ፊቷ ጎንበስ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ተመልሳ ቀረበች፤ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች።

«ሽንኩርት» አለች።

«ሌላስ?»

«ሽንኩርት ብቻ።»

«እንግዲያው አሁን ስሚኝ» አላትና፣ ከፊቷ ፈቀቅ ሳይል፣ የዶሮ ቤቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀመረላት።