የሰባት ቁጥር መቆንጠጫ

አውሮፕላኔ የወደቀው ንፋስ በሌለበት ጠዋት ነው። ንፋስ ቢኖር ኖሮ እሱን ከስሼ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የንፋሱን አቅጣጫ እንዲያሳየን በሜዳው ዳር የሰቀልነው ጨርቅ ግን እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለማረፍ ብሎ፣ ዳር ከቆሙት መኪኖች በላይ ዝቅ እያለ ሲመጣ ክንፉ በድንገት ወደ ግራ ተጣመመ። እኔ ያዘዝኩት ወደ ቀኝ ነው። እጄን አውቀዋለሁ፤ ወደ ቀኝ ነው ያልኩት። እሱ ግን የሌላ ሰው ትእዛዝ እንደሰማ ሁሉ በአፍንጫው መሬት ገባ። ክረምቱን ሙሉ እህቴ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ከፎምና ከስስ እንጨት የሠራሁት ነው። እህቴ፣ "ይሄ ነገር ሚስት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ልጅ ወልደህ ነበር" ትለኝ ነበር።

ሜዳችን ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለ ባዶ ቦታ ነው። በሪሞት የሚበሩ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ያለን ሰዎች እሁድ እሁድ እዚያ እንሰበሰባለን። መግቢያው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች የተሰኩበት ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ቻናል ነው። በአንድ ቻናል ሁለት ሪሞት አብሮ ከተከፈተ አውሮፕላኑ የማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መቆንጠጫው ኮሌታህ ላይ ካልሆነ ሪሞትህን አትከፍትም። እዚህ ሜዳ ሰው ቢዋሽም ቢሳደብም ይታለፋል፤ ያለ መቆንጠጫ የከፈተ ግን ይባረራል። ይህን ሕግ ያወጡት ካፒቴን የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ካፒቴን ይባላሉ እንጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት አውቶቡስ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ማብረሩን ትተው፣ ሴት ልጃቸው ታመጣቸውና መኪና ውስጥ ሆነው ይከታተሉናል።

ሰባት ቁጥር የሁለታችን ነበር፤ የእኔና የልብስ ሰፊው። በሰባት የሚያበርር ሌላ ሰው የለም። እሱ ሄሊኮፕተሩን ሲያበርር እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ሳበርር እሱ ይጠብቃል፤ ከመጠባበቅ ብዛት ተወዳጀን። በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሐሳቤ መሬት አይረግጥም ብሎ ደመናው ይለኛል። ከእህቴ ሌላ ከልቤ የማወራው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ያን ጠዋት መቆንጠጫው ኮሌታዬ ላይ ነበር። ስብርባሪውን እንኳ ሳላነሳ ዞር ስል ልብስ ሰፊው ሪሞቱን ከጎኑ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሄድኩና ሳልናገር መዳፌን የሪሞቱ ጀርባ ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ብሏል።

"ምን እየፈለግክ ነው?" አለኝ።

"ሞቋል።"

"ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ነገር ምን ይሁን? እኔም ሞቄያለሁ፤ ግንባሬን ዳስሰዋ።"

"ጋሼ፣ ከፍተኸዋል ወይስ አልከፈትከውም?"

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። "አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ?" አለና ዝም አለ።

ዝምታውን አልወደድኩትም። ንጹሕ ሰው ይጮኻል ብዬ አሰብኩ። የክበቡ ጸሐፊ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ትልቁ ቢጫ አውሮፕላን የእሱ ነው። እሱም ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ለዓመቱ ትርዒት ከአንድ ቻናል የሚገባው አንድ ሰው መሆኑን አትርሳ። አንተ ወደቅክ ማለት እሱ ገባ ማለት ነው" አለኝ። "የታመመ ጥርስ ቶሎ ካልነቀሉት ጎረቤቱን ያበላሻል። እሁድ፣ ይቆይ ወይስ ይባረር ብለን እጅ እናወጣለን። ምስክሩ አንተ ነህ።"

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሳምንቱን ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ እያየሁ ነገር ሳመላልስ ሰነበትኩ። ባለፈው፣ "አንተ ማረፍ እስክትማር የሰው ዶሮ ትጨርሳለህ" ብሎ የሳቀው ሳቅ ሳቅ ብቻ ነበር? አውሮፕላኔ ምን ያህል እንደሚመዝን የጠየቀኝስ ለምን ነበር? ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ደህና አደርክ ማለቱም ነገር አለው።

"ለምን አትጠይቀውም?" አለችኝ እህቴ።

"ጠየቅኩት እኮ።"

"ፈረድክበት እንጂ መቼ ጠየቅከው።"

"አንቺ እዚያ አልነበርሽም።"

"አንተስ መች ነበርክ? ዓይንህ ሰማይ ላይ ነበር።"

ይህች ነገር ከነከነችኝ። እጄን ከማውጣቴ በፊት በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ከስብርባሪው ውስጥ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማውን ተቀባይና አንዲት ሰርቮ ፈትቼ አወጣሁ። ሰርቮ ክንፉን የምታንቀሳቅሰው፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ሞተር ናት፤ ትንሽ ነጭ ክንድ አላት። ከባትሪ ጋር አያይዤ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የእኔ ሪሞት ተዘግቶ ሳለ ክንዷ ወዲያ ወዲህ ካለች፣ በሰባት የከፈተ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

እሁድ ቆርቆሮውን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሰባት ቁጥር መቆንጠጫ ሰሌዳው ላይ ነበረች። የልብስ ሰፊውን ሪሞት ሐኪሙ፣ "እስኪወሰን" ብሎ መኪናው ውስጥ ቆልፎበታል። ልብስ ሰፊው ይቀራል ስንል መጣ፤ ረጅም ካፖርት ለብሶ ለብቻው ቆመ። አጠገቡ የሄደ የለም፤ እኔም አልሄድኩም።

"አንድ ጊዜ ዞር ዞር ላድርገውና ስብሰባውን እንጀምራለን" ብሎ ሐኪሙ የራሱን ቻናል መቆንጠጫ ኮሌታው ላይ ሰክቶ ቢጫውን አስነሳ።

ቦርሳዬን ከፈት አድርጌ አየሁ። ክንዷ ትንቀሳቀሳለች።

ቀና ስል የልብስ ሰፊው እጆች ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለተኛ ሪሞት የሚደብቅ ኪስ መስፋት ለእሱ ምኑ ነው? ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ተጠጋሁት።

"እጅህን አውጣ።"

"ምን አልክ?"

"ከኪስህ።"

አወጣቸው። በአንደኛው መሀረብ፣ በሌላኛው ምንም። "ገበሩንም ልተርትርልህ?" አለኝ። "ምን ያደርጋል፣ መቀስ አልያዝኩም።"

ክንዷ ግን አላቆመችም። ቢጫው አውሮፕላን ወደ ግራ ሲዞር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ ትላለች፤ ጥቂት ዘግየት ብላ። ሰው ለመጣል የሚቸኩል እጅ አልመሰለኝም። ከሐኪሙ ጋር አብሮ የሚያበርር እጅ ነበር።

ቆርቆሮውን ይዤ መራመድ ጀመርኩ። ወደ ሜዳው መሀል ስሄድ ክንዷ ትንቀጠቀጥና ትዝላለች፤ ወደ መኪኖቹ ስመለስ ትነቃለች። በየመስኮቱ እያየሁ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ካፒቴን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አሮጌ ሪሞታቸው አለ፤ አንቴናው ተሰብስቧል፣ አውራ ጣቶቻቸው ግን ማንሻዎቹ ላይ ናቸው። የሚከተሉት የሞተሩን ድምፅ ነበር።

"ካፒቴን።"

ዓይናቸውን ገለጡ። ቆርቆሮውን በመስኮቱ አስጠጋሁላቸው። ማንሻውን ወደ ግራ ገፋ አደረጉት፤ ክንዷ ወደ ግራ ሄደች። ወደ ቀኝ መለሱት፤ ተመለሰች። እጃቸው እዚያው ቀረ።

"ሰባት የድሮ ቻናሌ ናት። አንቴናውን ካልሳብኩት ከመኪናው አይወጣም ብዬ ነበር" አሉ።

"ይወጣል። ሩቅ አይሄድም እንጂ። እኔ ደግሞ ሳርፍ በእርስዎ አናት ላይ ነው የማልፈው።"

ሪሞቱን ዘጉት። "ያንተ የወደቀ ጊዜ ሰምቻለሁ። እጄ ወደ ግራ ነበር።"

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ጠረጠርኩ። ሳምንቱን ንፋስ ነው፣ ንፋስ ነው እያልኩ ሰነበትኩ።"

"ንፋስ አልነበረም።"

"አልነበረም።" የተሰበሰበውን አንቴና ዳበስ አደረጉና፣ "እዚህ እንዳልመጣ ካደረጉኝ እሁድን የት አደርጋታለሁ ልጄ?" አሉ።

ቢጫው አርፏል። ሐኪሙ ሰዉን ወደ ሰሌዳው ሲጠራ ይሰማል።

"ጋሼን ሊያባርሩት ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።"

"አንተማ አትናገርም" አሉና በሩን ከፈቱ። "ክንድህን ስጠኝ።"

ሰሌዳው ፊት ስንደርስ ክንዴን ለቀቁ። "በሰባት ያለ መቆንጠጫ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሕጉን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። በሉ እጅ አውጡ።"

ማንም እጁን አላወጣም። ሐኪሙ ጫማውን ያያል። ካፒቴን ከሪሞቱ ጀርባ ክሪስታሏን፣ ቻናሉን የምትወስነውን የጥፍር ያህል ብረት፣ በዳበሳ ነቅለው ልብስ ሰፊው ወደቆመበት ዘረጉ። "ይህቺን ውሰዳት። ሪሞቱን ግን ተዉልኝ፤ ባዶውን እይዛለሁ።"

"እርስዎን አልተቀየምኩም ካፒቴን" አለ ልብስ ሰፊው። ወደ እኔ አላየም።

መንገድ ላይ ደረስኩበት። "ጋሼ፣ ይቅርታ።"

"ይሁን።"

"ከልቤ ነው።"

"እኔም ይሁን ያልኩት ከልቤ ነው" አለኝ፤ እርምጃውን ግን አላዘገየም።

አውሮፕላኔን ጠግኜ በተመለስኩበት እሁድ ሰሌዳው አጠገብ ተገናኘን። ሰባትን አንስቼ ዘረጋሁለት፤ አንተ ቅደም ልለው ነበር።

"ቻናል ቀይሬያለሁ" አለኝ። "አሥራ ሁለት ገብቻለሁ።"

"ምነው? ሰባት እኮ ለሁለታችንም ትበቃ ነበር።"

"ከእንግዲህ እኔ ብወድቅ አንተን አልጠረጥርም። አንተ ብትወድቅም የእኔን ዕቃ አትዳስስም። ለሁለታችንም ይህ ይሻላል፣ ደመናው።"

አሥራ ሁለትን ኮሌታው ላይ ሰክቶ ሄሊኮፕተሩን አቀፈና ወደ ሜዳው ሌላኛው ጫፍ ሄደ። እኔም አስነሳሁ። ጥቂት ቆይቶ የእሱም ተነሳች። ሁለቱ አብረው ሰማይ ላይ ሲሆኑ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ባትሪዬ እስኪደክም ዞርኩ። ከኋላዬ፣ "በል ውረድ፣ ተራዬ ደርሷል" የሚለኝ ሰው አልነበረም።