በሰው ትከሻ የተለካ ሸሚዝ

የእኔን ራዲዮ መጠገኛና የእትዬን ልብስ ስፌት ቤት የሚለያቸው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጆሮዬ የተፈጠረው ለሥራ ነው፤ ከሥራ የተረፈው ወደዚያ ቢያልፍ ምን ላድርገው?

እትዬ ልጇን ታጣቂዎች ከትምህርት ቤት ደጃፍ ጭነው ከወሰዱባት ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሸሚዝ ትሰፋለታለች። ሲመለስ የሚለብሰው እንዳያጣ ነው። ልኩን የምትወስደው ከጭምቱ ነው። ጭምቱ የምንለው አብሮት የተጫነ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ብቻውን ተመለሰ። ዘመዶቹ "ይሄማ እጁ ደም የለመደ ነው" ብለው በር ሲዘጉበት እትዬ ወስዳ ሙያ አስተማረችው፤ ጓዳዋንም ለቀቀችለት።

አሁን ኮሌታ ሲገጥም ለጉድ ነው። ብቻ ሰው ከኋላው ድንገት ከመጣ መቀሱን ይጨብጣል። አንዷ ደንበኛ "ዋጋ ስከራከርህ እንዳትወጋኝ!" ብትለው ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ መቀሱን ከአጠገቡ አርቆ አስቀመጠ።

እትዬ ስለ ልጇ ስትጠይቀው "መንገድ ላይ ተለያየን" ይላታል። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ አንድ ቀን ጠጋ ብዬ "እውነቱን ለምን አትነግራትም?" ብለው፣ "ጋሼ፣ ብነግራቸው የት እገባለሁ?" አለኝ። ብየዳዬን ቀጠልኩ።

ዘንድሮም እትዬ ሜትሯን ትከሻው ላይ ዘረጋች።

"ኧረ ሰፍተሃል አንተ! እሱም እንዲህ ሆኗል ማለት ነው። ቀና በል እንጂ፣ ምን ያጎብጥሃል? እጅጌውን ትንሽ ላስረዝመው ይሆን?"

"አያስረዝሙት፣ እትዬ።"

"ለምን?"

"እሱ አላደገም።"

የከፈትኩትን ራዲዮ አጠፋሁ። መስማቱ ነውር ነው፤ ግን አጠፋሁ።

"ሊጠፋ ሲል ያዙት። 'ጓደኛው አንተ ነህ፣ አንተ ጨርሰው፤ አለዚያ ሁለታችሁም' አሉኝ። እኔ... መኖር ፈለግሁ፣ እትዬ።"

በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ "ሱሪዬ ደረሰ?" ብሎ ገባ። "ደርሷል" አለችው። ጠቀለለች፣ ሰጠችው፣ "በደስታ ልበሰው" ብላ ሸኘችው። ከዚያ ጭምቱን፦

"ፈርቶ ነበር?"

"እኔ መሆኔን ሲያይ... የዳነ መስሎት ነበር።"



"ዛሬ ሌላ ቦታ እደር፤ ነገም አትምጣብኝ" አለች እትዬ። "ነገ ላልቅስለት። ልጄ ሞቶ ሳላለቅስ ይሄን ሁሉ ዘመን!"

"ከነገ ወዲያስ?"

"እኔ እንጃ። ዓይንህን ማየት እችል እንደሆን ያኔ ነው የማውቀው።"

ጭምቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣና ደጃፍ ላይ ቆመ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በርጩማ ሳብኩለት፤ ተቀመጠ። እትዬ ነገን አልጠበቀችም፤ ከውስጥ ልጇን በስሙ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። እሱም ከውጭ፣ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አብሯት ጠራው።